ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ በማን ሰዓት?

አልነቀልኩም አልኩ እኮ! ስንቴ ልማል? ቀጭኗን ገመድ የነቀልኳት እኔ አይደለሁም። ገበያ ላይ «ያቺ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችው አሪየት የመንግሥት ኮምፒውተር አበላሸች» እያላችሁ የምታወሩ፣ ቆይ... መጀመሪያ ትናንት የገጠመኝን ስሙ። ከዚያ ፍረዱ።

ቢሮአችን ኮምፒውተር የገባለት በቅርቡ ነው። ክልል ከሆንን ወዲህ ከመጣልን ነገር ሁሉ አለቃው እሱ ነው። አብሮት ዩፒኤስ የሚባል ከባድ ሳጥን መጣ። የከተማው መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ በባትሪው ኮምፒውተሩን ትንሽ ደቂቃ ያቆየዋል። ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተሩ የምትሄድ ቀጭን ገመድ ደግሞ አለች። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑ በእሷ በኩል ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይሰማና የተጻፈውን አስቀምጦ ማሽኑን ራሱ ይዘጋዋል።

ይህን ያስተማረኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ የገጠመው ሲሳይ ነው። «አሪየት፣ ይቺ ገመድ ከተነቀለች ሳጥኑ ዲዳ ነው» ብሎኛል።

እኔ ጊዜያዊ ታይፒስት ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የክልሉን አስተማሪዎች ስም ዝርዝር ስጽፍ ከረምኩ፣ ከማታር ከተማ እስከ መቲ ከተማ። እሱ ሲያልቅ ቋሚ ትሆኛለሽ ተብያለሁ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ለቅሶ ነበረብን፣ የአክስቴ ባል። የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ራሱ ፈቅዶልኝ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። (ድሮ አንቱ ነበር የምለው። ትቼዋለሁ።) ማክሰኞ ጠዋት ስገባ... የጋሽ ደምሴ ቬንትሌተር ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል። ቀጭኗ ገመድ መሬት ላይ ተጋድማለች። ዝርዝሩን ስከፍተው ሰው የማያነበው ምልክት ብቻ።

ወዲያው ገባኝ። መብራት ሲጠፋ ሞቆት ቬንትሌተሩን ባትሪው ላይ ሰካ። ሳጥኑ ጲጵ ጲጵ እያለ ጮኸበት። ዝም የሚል መስሎት ገመዷን ነቀላት። ቬንትሌተሩ ባትሪውን ጠጣው፤ ኮምፒውተሩም ምንም ሳያስቀምጥ ድርግም አለ።

የጋምቤላ ሙቀት ነው፣ ማንም ሰው ይሞቀዋል። «አሪየት፣ ሞቆኝ ነው» ቢለኝ እኮ ሁሉንም ደግሜ እጽፍለት ነበር!

እሱ ግን በደብዳቤ ከሰሰኝ። በግዴለሽነት ንብረት ማበላሸት። በዚህ የተባረረን ሰው እዚህ አገር ሌላ ቢሮ በሩን አይከፍትለትም።

ትናንት ጠዋት ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው አቶ ኡጁሉ ናቸው፣ ከአባቴ ጋር አንድ ቸርች የሚያመልኩ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ነቅለሻል?»

«አልነቀልኩም። የነቀለው ጋሽ ደምሴ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ሳቀ። «አስተማሪዋን እንዲህ ስትዘልፍ አይደል ከትምህርት ቤት የወጣችው?»

እውነት ነው፣ ዘልፌዋለሁ። ግን ዘለፋ ገመድ አይነቅልም።

ተናደድኩና ጮህኩ። «ፕሮግራሙ መዝገብ አለው! ገመዷ የተነቀለችበትን ሰዓት ጽፎ ያስቀምጣል። ሰው ይዋሻል፣ ማሽን አይዋሽም!»

ራሴ ተቀምጬ ከፈትኩላቸው። በእንግሊዝኛ ነው፤ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ሰኞ። ከሳጥኑ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ። 3:40።

ደስ አለኝ። በዚያ ሰዓት ለቅሶ ላይ ነበርኩ እኮ! መቶ ሰው አይቶኛል።

አቶ ኡጁሉ መነጽራቸውን አደረጉ። «ሦስት ሰዓት ከአርባ... ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ቢሮ ውስጥ ማን ነበር?»

«እሷ ብቻዋን» አለ ጋሽ ደምሴ። «እኔ ስብሰባ ነበርኩ።»

«ኧረ አቶ ኡጁሉ፣ ይሄ የፈረንጅ ሰዓት ነው! በእኛ ዘጠኝ ከአርባ ማለት ነው፣ ከሰዓት በኋላ!»

«ልጄ፣ እኛ ክልል ሆነናል። የክልሉ ማሽን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው?»

ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ።

«እንግዲያው አሁን የሚቆጥረውን እዩት! ከእጅ ሰዓትዎ ጋር ያስተያዩት!»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። የአቶ ኡጁሉ የእጅ ሰዓት አራት ከሩብ ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ...

4:15።

ያ ማሽን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኛ ሰዓት ስድስት ሰዓት ይለይ ነበር፤ በየቀኑ ወደ ቤት የምሄደው እሱን አይቼ ስድስት እየጨመርኩ ነው። ጋሽ ደምሴን አየሁት። እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል... ቀና አላለም። ገመድ መሰካት የማያውቅ ሰው ሰዓት መቀየር ያውቅበታል!

«ማሽን አይዋሽም ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ኡጁሉ። ተቆጥተው ቢሆን ምን ነበረበት? አዝነውልኝ ነው ያሉት። ውሳኔው ነገ ጠዋት ይፈረማል።

ማሽኑን ሲገጥም ሰዓቱን በፈረንጅ የሞላው ሲሳይ ነው። ሌላ ምስክር የለኝም። እሱ ደግሞ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፑን ማሽኖች ሊጠግን ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት፤ «ወጥቷል» ብለው ዘጉብኝ። ስለዚህ ይህን በአሮጌው ታይፕ፣ በካርቦን አምስት አድርጌ መታሁት። አንዱን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፤ አራቱን ወደ ፑኝዶ ለሚሄዱ ሾፌሮች ሰጠሁ።

አንተ የምታነበው... ከንፈር አትምጠጥልኝ፣ ከንፈር መጣጭ ጋምቤላ ሞልቷል። ሲሳይን የምታውቀው ከሆነ ክንዱን ይዘህ ስልክ ጋ ውሰደው። ሲሳይ ራስህ ከሆንክ ደግሞ የያዝከውን ብሎን ጣለውና መልሰህ ደውል። ለአቶ ኡጁሉ «ሰዓቱን በፈረንጅ የሞላሁት እኔ ነኝ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ብትነግር ይበቃኛል። ቴሌ ሲመሽ ይዘጋል፤ እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሳይመሽ ደውል!