የምጽዋ ሰው በሐምሌ ቤት ውስጥ አይተኛም

እትዬ ርግኣትን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ፤ ለምታውቋቸውማ ምን እላለሁ፣ ምላሳቸውን ቀምሳችኋል። ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ዳር ባለው ግቢያችን፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይኖራሉ። የኔ በር ከሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጎራበት "እሺ" ሲሉ የሰማሁት አንዴ ነው፤ እሱም ለልብ ሐኪማቸው። መድኃኒቱን ግን አልወሰዱትም።

የምጽዋ ልጅ ናቸው። አማርኛውን እዚያው ትምህርት ቤት ተምረው ነው፣ እኔን የጉለሌዋን ሲያርሙኝ የሚውሉት። ምጽዋን በዓይኔ አላየኋትም፤ ግን ከሳቸው አፍ ሰምቼ ሰምቼ መንገዱ አይጠፋኝም። አሮጌው ከተማ ደሴት ላይ ነው። ደሴቱን ከሌላ ደሴት፣ ያንን ደግሞ ከየብሱ ጋር የሚያገናኝ፣ ባሕሩን ሞልተው የሠሩት መንገድ አለ። የጥንቶቹ ቤቶች ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ቱርክ መጣ፣ ግብፅ መጣ፣ ጣልያን መጣ፣ እንግሊዝ መጣ። "ሁሉም ላቡን ጠርጎ ሄደ፤ እኛ ቀረን" ይላሉ እትዬ ርግኣት፣ ራሳቸው ያባረሩ ይመስል።

ደጋው በክረምት ዝናብ ሲርስ እዚያ ታች እሳት ይነድዳል። ዝናብ የሚያገኙት በታኅሣሥና በጥር ነው፣ ደጋው ደርቆ ሳለ። "ታዲያ የተገለበጠ አገር ነዋ!" ብዬ አንዴ አፌ አመለጠኝ። "የተገለበጠውስ የናንተ!" ብለው ሰነበቱ ሳያናግሩኝ።

እንግዲህ ለንደን አርባ ዲግሪ የገባች ጊዜ፣ ያን ሐምሌ፣ የኛ ፎቅ ምድጃ ሆነ። መስኮቶቹ ለደህንነት ተብሎ ከስንዝር በላይ አይከፈቱም። ልጆቼን አርችዌይ ሰፈር እህቴ ዘንድ ልኬ የእትዬ ርግኣትን በር አንኳኳሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ደነገጥኩ፤ ግን ላበረታታቸው ብዬ፣

"እርስዎማ የሙቀት አገር ሰው ነዎት፤ ይችሉታል" አልኳቸው።

"ድንቄም!" አሉ። "የምጽዋ ሰው ሙቀት የሚችለው ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ መሰለሽ? በሐምሌ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ሰፈሩ በሙሉ አልጋውን አውጥቶ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ክርስቲያኑ እዚህ፣ እስላሙ እዚያ፣ ሐኪሙ ከወደብ ሠራተኛው ጎን። ከባሕሩ ትንሽ ነፋስ ስትመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ 'እፎይ' ይላል። ነይ፣ ያቺን ታጣፊ አልጋ ያዥልኝ።"

"የት ልንወስዳት?"

"ታች፣ ግቢው ሣር ላይ ነዋ!"

ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። አልጋዋን ተሸክሜ ያን ሁሉ ደረጃ ስወርድ እሳቸው ከኋላዬ "ግድግዳውን እንዳትጭሪ" እያሉ ያዝዙኛል። ወገቤ ተቆረጠ! ግን ከዛፉ ሥር ዘርግተን ጋደም ባሉ በሰዓቱ የፊታቸው መልክ ተመለሰ። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማን እንደጠቆመ እግዜር ይወቀው፤ ወደ ማታው ላይ፣ ጀንበር ገና ሳትጠልቅ፣ የቤቶቹ ተቆጣጣሪ፣ የሃውዚንግ ኦፊሰሩ፣ መጣ። መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ለጋ ሰውዬ ነው። ግቢው የጋራ ስለሆነ አልጋ ማውጣት ክልክል ነው አለ። የቤት ውላቸውን እየጣሱ ነው፣ ሪፖርት ካደረገ ፍላታቸውን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል አለ።

"ወይ ፍንክች!" አሉ እትዬ ርግኣት፣ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገሙለት፤ በእንግሊዝኛውም ያው ነው።

እኔ ግን ቆሌዬ ተገፈፈ። ለሰፋ ያለ ቤት ትራንስፈር አፕላይ አድርጌ መልስ የምጠብቀው ከዚያው ቢሮ ነው። "ኧረ በማርያም፣ እትዬ፣ ለዛሬ ይግቡ፤ እኔ ማራገቢያ ፋን ገዝቼ አመጣልዎታለሁ" ብዬ ለመንኳቸው። ዞር ብለውም አላዩኝ። ሰውዬው ድምፁን አለስልሶ፣

"እማማ፣ ለራስዎ ደህንነት እኮ ነው" አላቸው።

እትዬ ርግኣት ከተጋደሙበት ተነሥተው ቁጭ አሉ።

"ስማ፣ አንተ ልጅ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ተከባ ነበር። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ወታደር መጥቶ ሁላችንንም ከነአልጋችን ከመንገድ አስነሣን፤ ግቡ፣ ለራሳችሁ ደህንነት ነው አለን። አባቴ ጨው ማምረቻ ሲሠራ የኖረ፣ ልቡ የደከመ ሰው ነበር። በሩን ዘጋንበት፣ መስኮቱን ዘጋንበት። 'አውጡኝ' አለ። 'አየር፣ ልጆቼ፣ አውጡኝ' አለ። እጁን ይዤ 'ዝም በል አባዬ፣ ይሰሙናል' ያልኩት እኔ ነኝ። ሲነጋ ሞቶ ነበር። ጥይት አልነካውም። ቤት ውስጥ አስገብተው ገደሉት። እኔም የሱ ልብ ነው ያለኝ። አልገባም!"

ስለ ምጽዋ ያልነገሩኝ ነገር የለም ብዬ ነበር የማስበው። ይህንን ግን አንድም ቀን አላነሡልኝም።

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። "አዝናለሁ፣ በእውነት" አለ። ቀጥሎም "ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ተነሡልኝና እኔው አጣጥፌ ልውሰድልዎት" ብሎ የአልጋዋን እግር ያዘ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ትራንስፈሩም ቢሮውም ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሄጄ እትዬ ርግኣት ጎን ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። አልጋዋ ሲጥ አለች።

"በል አንሣን!" አልኩት። "ሁለታችንንም ተሸክመህ ውጣ! ሊፍቱ እንደሆነ አይሠራም። ስሜ ፋንታዬ ነው፣ ጻፈው። ፊት ለፊታቸው ያለው ፍላት የኔ ነው፣ እሱንም ጻፍ። ትራንስፈሬንም ከፈለግህ ካንስል አድርገው!"

"አንቺ፣ አልጋዬን ትሰብሪያለሽ" አሉኝ እትዬ ርግኣት። ግን ክንዴን ጨብጠው ይዘዋል።

ሰውዬው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። በየመስኮቱ ስንዝር ክፍተት አፍንጫውን አውጥቶ የሚያየንን ጎረቤት ሁሉ አየ። የአልጋዋን እግር ለቀቀ። "ሪፖርት አደርጋለሁ" አለ።

"አድርግ!" አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ።

በግቢው በር ሲወጣ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ፈርቼ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ግን ከዚያች አልጋ የሚያስነሣኝ ሰው አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ከዋናው መንገድ በኩል ቀዝቀዝ ያለች ነፋስ መጣች። እትዬ ርግኣት ፎጣውን ከአንገታቸው አውልቀው በጀርባቸው ተንጋለሉ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ትንፋሻቸው ሲረጋ ቁጭ ብዬ አየሁ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ለኔ ባልሆነ ድምፅ፣

"አባዬ፣ አልገባሁም" አሉ።