መብራት የጠፋ ዕለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት ድርግም ሲል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። ድንጋጤው ግን ከወጣትነቴ የቀረ ነው።

በኢሕአዴግ የመጨረሻ ዓመታት ሶዶ ውስጥ ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበርኩ። ለማስተርስ ጥናቴ ቲታኒየም ቦራይድ የሚባል ጥቁር ዱቄት ጠፍጥፌ በኤሌክትሪክ ምድጃ አግል ነበር። ሲንተሪንግ ይሉታል። ዱቄቱ አይቀልጥም፤ ቅንጣቶቹ ይያያዙና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ያኔ ይጠነክራል። ሙቀቱ ካነሰ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ይቀራል፤ ከበዛ ቅንጣቶቹ ያለልክ ያድጉና በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ነሐሴ ነበር። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ ዳና የቤተ ሙከራው በር ላይ ተቀምጠው ቅቅል ጎዳሬ በሚያቃጥል የዳጣ ማባያ ይበላሉ። ምድጃው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዲግሪ እንደደረሰ መብራት ጠፋ።

የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕም አብሮ ቆመ። ናሙናው ያለበት ቱቦ ጫፎቹ ውሃው በሚያቀዘቅዛቸው የብረት ክዳኖችና በጎማ ታሽገዋል፤ ጎማው ከቀለጠ አየር ይገባና ናሙናዬ ይቃጠላል። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን ቱቦ ከነካው ደግሞ ይፈነዳል። የነበረኝ ዱቄት ያው ብቻ ነበር።

"ጋሽ ዳና! ውሃ!"

ጀሪካን ይዘው ሮጡ። እኔ ጨርቅ እየነከርኩ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ብረቶች እጠቀልላለሁ። ከጨርቁ የሚንጠባጠበውን እያንዳንዱን ጠብታ በዓይኔ እከተላለሁ።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?"

"አይፈነዳም፤ አይዞዎት።"

ዋሸሁ። ወዲያው ከምድጃው ውስጥ "ቋ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተደፋን። ጋሽ ዳና በወላይትኛ ይጸልያሉ።

"ይውጡ፣ ጋሽ ዳና።"

"አንቺስ?"

"እኔ እቆያለሁ።"

"እንግዲያው እኔም እቆያለሁ" ብለው ጀሪካናቸውን አነሱ። ምድጃው እስኪበርድ ድረስ በዝናቡ ውስጥ ውሃ አመላለሱ። የተሰነጠቀው የውስጡ ጡብ ኖሯል፤ ቱቦው ተርፏል።

በማግስቱ ናሙናውን አወጣሁት። ላዩ ምንም የነካው አይመስልም። መሞከሪያው ማሽን ገና ትንሽ ሲጫነው ግን ብትንትን አለ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ቅንጣቶቹ በቅጡ ሳይያያዙ ቀርተዋል።

"ደህና ወጣልሽ?" አሉኝ ጋሽ ዳና።

"ደህና ነው" አልኳቸው። አሁንም ዋሸሁ።

ጥናቱን ከዓመት በኋላ በሌላ ዱቄት ጨረስኩ። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው አረካ ከተማ ገቡ። ስድስት ልጆች እንዳሏቸው የሰማሁት በሽኝታቸው ዕለት ነው። በየቀኑ በሩን ከፍተውልኝ ስገባ አንድም ቀን ስለ ቤተሰባቸው ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።