የጋሽ ተሾመ ሲሚንቶ

ሚዛን ከተማ ክረምት ሲገባ ባለመኪና ቢታዘንለት እንጂ አይቀናበትም። አንድ እሁድ ጠዋት አማን ሰፈር ከተከራየሁበት ቤት ብወጣ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ተንፍሷል። የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወሽቄ ክሪኩን ብተክለው ጭቃው ዋጠው። ከሥሩ ጣውላ ላደርግለት ስል አከራዬ ጋሽ ተሾመ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶ እያለልህ ጭቃ ለጭቃ ምን ያንቦጫርቅሃል?»

ሲሚንቶ የሚሉት የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን ነው። ጉድጓዱ ሞልቷልና አስመጥጡልን ብለን ተከራዮች ሁሉ ስንለምናቸው ከርመናል። እሳቸው ግን «አልሞላም» ካሉ አልሞላም ነው።

«ጋሼ፣ ክዳኑ ባይችለውስ?»

«ራሴ ቆሜ ያሠራሁትን? ዝሆን ይሸከማል!»

ምን ላድርግ፣ አከራይ ናቸው። ተከራዮቹ መኪናውን ወደ ክዳኑ ገፉልኝ። ድንጋዩን መልሼ ወሸቅሁና ክሪኩን ክዳኑ ላይ፣ ከሻንሲው ሥር ተከልኩት። መኪናው ትንሽ ከፍ ሲል ጋሼ «አላልኩህም!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ወዲያው ሲሚንቶው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጠቀ። ዘልዬ ሸሸሁ። መኪናው በተነፈሰ ጎማው ተመልሶ ዘጭ አለ፤ ክሪኬ ግን ጉድጓድ ገባ።

ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ቀረን። ጋሽ ተሾመ ብቻ ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳው አዘንብለው ያዳምጣሉ። ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ፊታቸው በራ።

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ተከራዮቹ ዞረው። «ምን ያህል ቆይቶ እንደደረሰ ሰማችሁ? አልሞላም ብያችሁ አልነበረም?»