እጅ የማይሳምበት ሚኒባስ

ሱዛይላ ቀኑን ስታስታውስ ሐሙስ ነበር ትላለች። ዒድ ካለፈ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ሁለት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ። እናቷ ግን ሰኞ ነው ባይ ናቸው፤ ዓሣ ሻጩ በመንደሩ የሚያልፈው ሰኞ ሰኞ ነውና። አባቷ በሕይወት ሳሉ ደግሞ ረቡዕ ነበር ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን እንዴት ይጠፋል? ጠፋ እንጂ። ሦስቱም የሚስማሙት ዝናብ እንዳልነበረና መንገዱ ደረቅ እንደነበር ብቻ ነው።

በማሌዥያ፣ ከኳላ ካንግሳር ከተማ አጠገብ በወንዙ ዳር ካሉት መንደሮች ሕፃናትን ወደ መዋዕለ ሕፃናት የምታመላልሰው ሚኒባስ የሮጋያ ነበረች። ልጆቹ ማክቺክ ይሏቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ዝምድና አይጠይቅም። ባላቸው ረጀብ መካኒክ ነበሩ። ለኋላ ወንበር ቀበቶ ያስፈልጋል ብሎ ማንም ባላሰበበት በዚያ ዘመን፣ ተጋጭተው ከተጣሉ መኪኖች እየነቀሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ቀበቶ ገጠሙላቸው። የአንዱ መቆለፊያ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ በሁለት እጅ ካልተገፋ የማይገባ። መንደሩም ሳቀባቸው።

«ሮጋያ፣ ፍየል ነው እንዴ የምትጭኚው?» አላቸው ባለሱቁ።

«ምነው ፍየል በሆነ! ፍየልማ ካሰሩት አይፈታም።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው። እጃቸውን ሳይስም ከመኪናቸው የሚወርድ ልጅ የለም። መሪውን በግራ ይዘው ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ይስምና ይወርዳል። እናቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ይህን ሲያዩ ልባቸው ይሞላል። በመንደሩ ልጅህ ሰነፍ ነው መባል ይቻላል፤ ባለጌ ነው መባል ግን ቤት ያፈርሳል።

የሱዛይላ ታናሽ ወንድም ሐዝዋን አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ የሚል ልጅ። የቤታቸው አጥር ገና ከሩቅ ብቅ ሲል አውራ ጣቱን በመቆለፊያው ላይ ጫን አደረገ። ቆመና ወደ ፊት መጣ፤ እጅ ሊስም። ከጎማ ዛፎቹ መካከል ሞተር ሳይክል ወጣ፤ ማክቺክ ሮጋያ ፍሬን ያዙ።

ሱዛይላ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ኩፍኝ ይዟት ከትምህርት ቤት ስለቀረች አጥሩን ተደግፋ ወንድሟን ትጠብቅ ነበር። ሚኒባሷ ስትቆም አየች፤ ውስጡን ግን አላየችም። ሌሎቹ ልጆች ቀበቷቸው ይዟቸው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ያለቅሱ ነበር። ሐዝዋን ከሆስፒታል አልተመለሰም።

እናታቸው ኖርማ ማንንም አልረገሙም። የሚያቃጥላቸው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱንም በየዓመቱ ከጾም በፊት መቃብሩን ሲያጸዱ ይናገሩታል። «ያን ጠዋት ዓሣ እያጠብኩ ነበር። እጄን ሊስም መጣ። ትገማለህ፣ ሂድ፣ ስትመለስ አልኩት። ልጄ የማንንም እጅ ሳይስም፣ የማንንም ምርቃት ሳይዝ ሄደ።»

ሱዛይላ ይህን እየሰማች አደገች፤ በልቧም አንድ ጥያቄ አብሯት አደገ። ሐዝዋን ያቺን የተዘረጋች እጅ ደርሶባት ይሆን? ፍሬኑ ከመያዙ በፊት ስሟት ይሆን? ስሞ ከሆነ ባዶውን አልሄደም ማለት ነው፤ እናቷም ይህን ሰምተው ይተኙ ነበር። የሚያውቁት ማክቺክ ሮጋያ ብቻ ናቸው።

ሮጋያ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨብጥም ብለው ሚኒባሷን ከሙዝ ዛፎቹ ሥር አቁመዋት ነበር። ከአርባው በኋላ የሐዝዋን አባት ራሳቸው ሄዱ። «እህቴ፣ ተነሺ ንጂ» አሏቸው። «አንቺ ካልነዳሽ ልጆቹን ሦስት አራት አድርገው ሞተር ላይ ነው የሚደረድሯቸው። እኔ ዛሬ ጠዋት አይቼ መጣሁ።» ሮጋያ አለቀሱ፤ በማግስቱም ነዱ። እጃቸውን ለልጅ ሲሰጡ ግን ያየ የለም። ልጆቹ ከወረዱ በኋላ መሬት ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በቃ።

ሰላሳ ዓመት ነጎደ። ረጀብ ሞቱ፤ ሚኒባሷም በሌላ ተተካች። ሱዛይላ ነርስ ሆነች፤ አገባች፤ ወለደች፤ ልጇን ኢንሺራን ለማክቺክ ሮጋያ ሰጠች። ጎረቤት አፉን ይዞ ጉድ አለ።

«ሌላ ሹፌር ጠፍቶ ነው?» አለቻት አንዷ።

«ቀበቶ ላይ ከሳቸው የሚበልጥ አምጪልኝና እሱ ይውሰዳት።»

እውነቷን ነበር። ግን ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ጥያቄው ቀን ይፈልግ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሞተሯ አልነሳ ብሏት ከልጆቹ ጋር ተሳፈረች። ማክቺክ ሮጋያ ለየልጁ ሩዝ የተሰፋባት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አደሉ፤ በሁለት እጅ የምትያዝ። «እጅ ሥራ ከፈታ ቀበቶ ይፈታል» ይላሉ። መቆለፊያዎቹን ሁሉ፣ የልጅ ጣት እንዳያገኛቸው፣ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዙረው ነው የሚያስሩት። ከዚያ ሬዲዮ የለ፣ ዘፈን የለ፤ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይነዳሉ።

ድልድዩን ሲያልፉ አንድ መቆለፊያ ጠቅ አለ። ሱዛይላ እንኳ አልሰማችውም። ማክቺክ ሮጋያ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ ቁልፉን ነቅለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ወደ ኋላም አልዞሩም።

«ማክቺክ፣ ዙልሄልሚ ነው!» አለች አንዷ ልጅ።

«ዋሽታ ነው! ራሱ ተፈታ!»

«ራሱ?» አሉ ሮጋያ መንገዱን እያዩ። «ረጀብ ነፍሱን ይማረውና፣ እጅ ያለው ቀበቶ ገጥሞ አያውቅም።»

ልጆቹ ሳቁ። ዙልሄልሚ አኮረፈ። «እናቴ እቅፍ አድርጋ ነው የምትወስደኝ። እሷ አታስርም።»

«እናትህ ትወድሃለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አስርሃለሁ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። «ዙል፣ በናትህ! ዛሬ ዳቦ በኮኮናት አለ፣ ያልቅብናል!» አለ አንዱ። ዙልሄልሚ ቀበቶውን እየጎተተ ቆለፈ። ሮጋያ ግን ወዲያው አላስነሱም፤ በመስታወቱ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሱዛይላ አጠገባቸው ተቀምጣ ልትጠይቃቸው አሰበች። ሲቆጥሩ አየችና ተወችው። በልጆች ፊት እንዴት ይጠየቃል?

ሌላ ቀን ቤታቸው ሄደች። ጥርሳቸውን ታመው ነበርና መድኃኒት ሰጥታ ተመለሰች። ሌላ ቀን ደግሞ እንግዳ ነበራቸው። እንዲህ ነው፤ መጠየቅ የፈራ ሰው የማቆያ ምክንያት አያጣም።

ከዚያ የማክቺክ ሮጋያ ዓይን ደከመ። አንድ ቀን ራሳቸው ለወላጆቹ ሁሉ ነገሩ፤ «ጆሮዬ አለ፤ ዓይኔ ግን ከዳኝ። በጆሮ ብቻ አይነዳም።» ልጃቸው አዝማን ከሚኖርበት ከሩቁ ጆሆር መጥቶ ሊወስዳቸው ሆነ። ቅዳሜ ነው የሚሄዱት ተባለ። ሱዛይላ ዓርብ ከሥራ እንደወጣች ልትሄድ ቆረጠች። ለእናቷም አልነገረቻቸውም፤ መልሱን ሳታውቅ ተስፋ መስጠት ጭካኔ መሰላት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለምሳ እረፍት ቤት መጥታ ኢንሺራን ስታበላ የመኪና ጥሩምባ ሰማች። ብትወጣ የአዝማን መኪና አጥሩ ጋ ቆማለች፤ የጓዙ ብዛት የኋላውን መስኮት ሸፍኖታል። ማክቺክ ሮጋያ ከፊት ተቀምጠው መስታወቱን ዝቅ አድርገዋል።

«ነገ አልነበር እንዴ፣ ማክቺክ?»

«ነገ መንገዱ ይጨናነቃል ይላል ይሄ። ለስንብት ብዬ ነው፣ ልጄ። እናትሽ ተኝታለች?»

«አረፍ ብለዋል። ልቀስቅሳቸው?»

«ተያት። እንቅልፏ ስንት ጊዜ ነው የሚገኘው?» ሮጋያ በተከፈተው በር አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ፤ ያዩትን ግን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «ባጠፋሁት ይቅር በሉኝ። በአካልም በነፍስም።»

ይህ በስንብት ጊዜ ሁሉም የሚለው ቃል ነው። ሱዛይላም የሚመለሰውን መለሰች፤ «እኛንም ይቅር ይበሉን።» ከዚያ የመኪናውን በር ያዘች። «ማክቺክ… ያኔ፣ ሐዝዋን…»

«እማዬ፣ ጭነት መኪና ከኋላችን መጣ፤ መንገዱን ዘግቼዋለሁ!» አለ አዝማን። ከኋላ ረጅም ጥሩምባ ጮኸ። ሮጋያ ወንድሟን በስም ስትጠራ ሰምተው ይሁን በጥሩምባው ጠፍቶባቸው አልታወቀም፤ ፊታቸው ወደ እሷ እንደዞረ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሱዛይላ ጥቂት እርምጃ ተከተለች። በሩ ከእጇ ሾለከ። ጭነት መኪናው በመካከላቸው ገባ፤ ከአቧራው ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከቤት ውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ሱ፣ ማን ነበር?»

«ማክቺክ ሮጋያ ናቸው።»

«ግቡ በያቸው እንጂ!»

«ሄዱ፣ እማ» አለች።