የእናቴ አውራ ጣት ያረፈበት ደብዳቤ

«የተማርሽ አይደለሽ? አንቺው አንብቢልኝ!»

እንዲህ ያሉኝ ከሳጉሬ ወዲያ ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ አዲሱ መንደር በሰፈረ ማግሥት ነበር። ዛሬም የታሸገ ፖስታ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አሰላ እናቴ ቤት ነበርኩ። መቀመጥ ደግሞ አልችልም። ሩቅ አገር ሄጄ ለምማረው የነርስነት ትምህርት ተፈትኜ ስሜ ወጣ። ምዝገባው ሰኞ እዚያው አሰላ ነው፤ ሰኞ ያልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተባለ። እኔ ስፈነድቅ እናቴ ቡናዋን መልቀሟን ቀጠለች። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ ደስታ አይሆንላትም፤ አልገረመኝም።

ዓርብ ዕለት አንድ ገበያተኛ መልእክት አመጣ። «እህትሽ ዘነበች ክፉኛ ታማለች፤ ትድረስልኝ ብላለች።» ዘነበች ገጠር ገበሬ አግብታ የምትኖር ታላቄ ናት። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴም «ነገ ሂጂና እሑድ ትመለሻለሽ» አለች። ያለ ይለፍ ወረቀት መንደር መግባትም ሆነ መውጣት አይቻልም። የቀበሌው ጸሐፊ ጎረቤታችን ስለሆኑ እናቴ ራሷ ሄዳ አጽፋ አመጣችልኝ። ለገበሬ ማኅበሩ የተጻፈው ፖስታ ታሽጎ ማኅተም አርፎበታል። እኔ የታሸገ ነገር አልከፍትም።

ቅዳሜ በጧት በአውቶቡስ ሳጉሬ ደረስኩ። እዚያ ያሉ የእናቴ ዘመድ ፈረሳቸውን አዋሱኝ። «መንገዱን እሱ ያውቀዋል፤ አንቺ ብቻ አትውደቂ» ብለው ሳቁብኝ።

ለካ ፈረሱ የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው! ሦስት ሰዓት በጭቃ አንገላቶኝ የእህቴ የነበረ፣ አሁን የፈረሰ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰው የለም፤ ምሰሶው ሳይቀር ተነቅሏል። አዲሱን መንደር ኮረብታው ላይ አየሁት። ቤቶቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የእህቴን እስካገኝ ሦስት የሰው በር አንኳኳሁ።

ዘነበች ጓሮ ጎመን ትኮተኩታለች።

«አልታመምሽም እንዴ?»

«ተሻለኝ። ፀበሉ ረዳኝ» አለች ቀና ሳትል።

ደስ ስላለኝ አልጠረጠርኩም። እንግዳ የመጣበት ሰው ወዲያው ማስመዝገብ ግዴታው ነውና ተያይዘን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊው ለስብሰባ ሳጉሬ ወርዷል። ሊቀመንበሩ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንላቸውም። አንቺው አንብቢልኝ ያሉኝ ለዚህ ነው።

ቀደድኩት። ስሜን ከጠራ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ቤተሰቦቿ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት እስከሚቀጥለው ወር ድረስ መመለሻ ይለፍ እንዳይሰጣት፣ ከመንደሩም እንዳትወጣ ትብብራችሁን እንጠይቃለን።» ከግርጌው የእናቴ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ተረግጧል።

ለራሴ ብቻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ «እህቷን ጠይቃ ዛሬውኑ ስለምትመለስ መመለሻ ይለፍ እንዲሰጣት…»

«ውሸቷን ነው! እንደዚያ አይልም!» ብላ ዘነበች ከኋላዬ ጮኸች።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ መቼ ፊደል ቆጠርሽ? ተማሪ ስንልሽ ወገቤን ስትይ አልነበረም?»

«እኔማ…» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሕመሙም፣ ገበያተኛውም፣ ፀበሉም።

«አንቺም?» አልኳት። «እማዬስ እሺ። አንቺም?»

«እና እማዬ ብቻዋን ትቅር? አንዱ ሄዶ ቀረ። አንቺም ሄደሽ ልትቀሪ?»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሡ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አሁን እውነቱን አንብቢ።»

አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አላስቀረሁም። ስለ ሰኞም ነገርኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተሙን አወጡ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ጆሮዬ ከባድ ነው» አሉ። «የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው።»

ማኅተሙን አፋቸው ድረስ አምጥተው ተነፈሱበትና አንድ ባዶ ወረቀት ግርጌ ላይ መቱት። «ከላይ ያለውን አንቺው ሙዪው።»

እዚያው ቆሜ የራሴን ይለፍ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ፈረሱ ላይ ስወጣ ዘነበች ሮጣ መጥታ ልጓሙን ያዘች። ታለቅሳለች። «እማዬን ምን ልትያት ነው?»

«ደብዳቤሽን አድርሻለሁ እላታለሁ» አልኳትና ልጓሙን ከእጇ አስለቅቄ ቁልቁል ወደ ሳጉሬ ወረድኩ።