«በማርያም አትነሳ!»

ወንድሜ ደርበው ፈረሰኛ ነው። ነበር ልበል ይሆን? እንዲህ እንድል ያደረጉኝ ደግሞ ጠላቶቹ አይደሉም፤ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። እግዜር ይይላቸው!

እንጅባራ ዳር፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ፣ እኔና እሱ በአንድ ግቢ እንኖራለን። እኔ ድንች እነግዳለሁ፣ እሱ ያርሳል። ሚስት አላገባም፤ ዳማ ፈረሱ ትበቃዋለች። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለጥር ነው፤ በፈረሰኞቹ በዓል እሷን ሸልሞ ሜዳ ለመውጣት። እኔም ብሆን እሱ ሲጋልብ ነጠላዬ ከትከሻዬ እስኪወድቅ እልል የምል ሰው ነኝ፤ አልዋሽም።

ታዲያ ይሄ ጀግና ከምን ወደቀ? ከባጃጅ! ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፤ ሲወርድ ተንሸራተተና የግራ ጉልበቱን ሎሚ አጥንት ድንጋይ ላይ ሰበረው። ባሕር ዳር ወሰድነው፣ ኦፕራሲዮን አድርገው አጥንቱን በሽቦ አሰሩለት። እግሩ የታሰረበት ድጋፍ ሲፈታ ዮዲት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እኔን አስቀምጣ ነገረችኝ።

«እትዬ፣ አጥንቱ ገጥሟል። ከእንግዲህ ሥራው የሱ ነው። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ራሱ ይሳብ፣ ይዘርጋ፣ እንደገና ይሳብ። በምርኩዝ ግቢው ውስጥ ይራመድ። ያመዋል፤ ካላበጠበትና ሕመሙ ካልባሰበት አይፍራ። ተኝቶ ከከረመ ግን ጉልበቱ ይደርቃል። ኋላ ቢያለቅስም አይታጠፍለትም።»

«ፈረስስ?» አላት ደርበው።

«እግርህ እርካብ የሚደርሰው ጉልበትህ ሲታጠፍ ነው» አለችው። እኮ ከዚህ በላይ ምን ይነገር!

ቤት እንደገባን እየጮኸም ቢሆን ይስብ ጀመር። የቀርከሃ ምርኩዝ አስይዤ ግቢውን አዞረዋለሁ። ተረከዙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀርብ ነበር። ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። ድንቄም ጠያቂ! ዳቦው፣ ብርቱካኑ፣ ለስላሳው፤ እሱስ ወጋችን ነው፣ ማን ይጠላል። ደርበው ደግሞ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲገባ ብድግ ሊል ይሞክራል። ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ አፍ ይንጫጫሉ፤ «በማርያም አትነሳ! አፈር ስሆን! ተኛ!» አማርኛው አልበቃ ሲላቸው በአዊኛ ይደግሙታል። የሁሉም አውራ አያ አየነው ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር አብሮት የሚጋልበው። ደረቱን ይዞ ያጋድመዋል፣ ጋቢ ይደርብለታል፣ ከዚያ ተደላድሎ ወሬውን ይጀምራል። እሱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

«እግሩን ይሳብበት፣ እባካችሁ ውጡልኝ» ስላቸው፣ «ምን ዓይነት ጨካኝ እህት ናት! በሽተኛ ታሠራለች!» አሉኝ። በሽተኛ! ያመጡለትን ዳቦ ብቻውን የሚጨርስ በሽተኛ!

እሱስ ብትሉ? አይ ወንድሜ! መተኛቱ ጣመው። አወዳደቁን ሲያወራላቸው፣ ባጃጁ ጥቂት ጠያቂ እንደመጣ ፈረስ ሆነ፤ ፈረሷ ደግሞ ውላ አድራ ገደል ዘለለች፤ በመጨረሻ ጅብ ተጨመረበት። እኔ ምድጃው ጋ ሆኜ እሰማለሁ።

«ደርበው፣ ሳብ እንጂ» ስለው፣ «እትዬ፣ ሰው ፊት? ነገ» ይለኛል። ነገ ሌላ ሰው ይመጣል።

አንድ ቀን በሩን ቆለፍኩ። አያ አየነው በመስኮት፣ «ደርበው! ይህች እህትህ ልትገድልህ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እኔስ የነሱን ጩኸት ከምንም አልቆጠርኩትም። ወንድሜ ራሱ ግን «ክፈቺላቸው፣ አታዋርጂኝ» አለኝ። ከፈትኩ። ምን ላድርግ? ጉልበቱ የኔ አይደለ!

ጥር ደረሰ። ዳማዋን ሸለምናት፣ ጀርባዋ ላይ የሚደረበውን ግላስ በገዛ እጄ አጠብኩ። ደርበው ነጭ ለብሶ እያነከሰ ሜዳ ወጣ፤ «እዚያ ስደርስ ይለቀኛል» እያለ። ምርኩዙን ለኔ ሰጠኝና ኮርቻውን ያዘ። ግራ እግሩን አነሳ። እግሩ እንደ አጣና ቀጥ አለ እንጂ እርካቡ ጋ አልደረሰም። እንደገና አነሳ። ዳማዋ ዞር ብላ አየችው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ያላዩ መስለው ወዲያ ዞሩ፤ ያ ሁሉ የዳቦ ተሸካሚ! ወንድሜ ኮርቻውን ለቀቀና ሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ወደፊት እንደተገተረ።

አያ አየነው በፈረሱ ሆኖ መጣ።

«አንተ ደርበው! ምን ተጎልተሃል? ተነስ እንጂ!»

ተነስ አለው! ሰማችሁ? ደርበው እንደ ልማዱ ሊነሳለት ሞከረ። ያን ቀን ደረቱን የሚይዘው አልነበረም፤ መነሳቱ ግን አቃተው።

ደርበው ጫማውን አወለቀ። ተረከዙን ሳሩ ላይ አሳርፎ፣ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። አያ አየነው ይህን ሲያይ ዘሎ ወረደ።

«ኧረ በማርያም፣ አትልፋ! ጋደም በል!» ብሎ እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ።

«አያ አየነው» አለው ወንድሜ፣ «እጅህን ከኔ ላይ አንሳ።»

አየነው እጁን ሰበሰበ። ፈረሰኞቹ ተነሱ፣ አቧራው ሸፈነን። ደርበው እንደገና ሳበ። ተረከዙ የጣት ስፋት እንኳ አልመጣም። ነጠላዬን ሳሩ ላይ አንጥፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሳብ» አልኩት።