መዝገቡና ማህተሙ የተፋጠጡበት ረፋድ

ዛሬ ልጄ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ «አባዬ፣ ደርቆ ቀረ እኮ!» ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሥራዋ ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ የሥርዓተ ክወናው፣ ፋይሎችን የሚያስተዳድረውን ክፍል መጻፍ ነው። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የሚያካሂዳቸው ሁለት ሥራዎች ሌላው እንዳይነካባቸው አንድ አንድ ፋይል ቆልፈው፣ አንዱ የሌላውን እየጠበቀ ቆመዋል።

ይህንንማ በደርግ ዘመን፣ ኮልፌ በሚገኘው ቀበሌያችን በዓይኔ አይቼዋለሁ!

የነዋሪነት ማስረጃ ለመስጠት መዝገብም ማህተምም ያስፈልጋል። ጓድ ደምሴ መዝገቡን፣ ጓድ ጥሩነሽ ማህተሙን ይዘዋል። ሁለቱም የየራሳቸውን ባለጉዳይ ሳይጨርሱ የያዙትን አይለቁም። እኔ የጓድ ጥሩነሽ ባለጉዳይ ነበርኩ፤ ማስረጃውን እስከ ስድስት ሰዓት ለማሠልጠኛው ካላደረስኩ የመምህርነት ሥልጠናው ሊቀርብኝ ነው።

«ጓድ ደምሴ፣ መዝገቡን ይልቀቁ እንጂ!» አሉ ጓድ ጥሩነሽ።

«መጀመሪያ ማህተሙን ያምጡ፣ ጓድ!»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

አምስት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት እማማ ብርቄ ብድግ አሉ። «እናንተ ልጆች! ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡን ያልያዘ ሰው ማህተሙን እንዳይነካ! አለቀ!»

እነ ልጄም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው አሉ፤ ሁሉም ሥራ ፋይሎቹን በአንድ ቅደም ተከተል እንዲቆልፍ ይደነግጋሉ።

ማህተሙ ወደ ጓድ ደምሴ ተሻገረ። እማማ የጓድ ደምሴ ባለጉዳይ መሆናቸው የገባኝ፣ ማስረጃቸውን አጣጥፈው ፈገግ እያሉ ሲወጡ ነው።

መዝገቡም ማህተሙም ወደ ጓድ ጥሩነሽ ዞሩና የእኔም ወዲያው ተከተለ። እየሮጥኩ ሄጄ ሊዘጋ በተቃረበው የማሠልጠኛው መስኮት አስረከብኩ፤ መምህርም ሆንኩ።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ በእንዲህ ያለ መፋጠጥ መሐል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ማንስ ገላገላችሁ?